ለቆየ የወገብ ሕመም ያለ መድኃኒት የትኛው ይሻላል? ለድሬዳዋና ለሐረር ነዋሪዎች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ ወገቡን የሚያመው ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ ጎረቤት እጁ የሚታወቅ ወጌሻ አለ ይለዋል፣ ሌላው ሒጃማ ካላደረግህ አይለቅህም ይለዋል፣ ከመድኃኒት ቤት ቀበቶ የገዛ ዘመድ ቀበቶውን ያውሰዋል፣ ኤረር ፍል ውሃ ተነክሮ የዳነ ሰው ወሬም ከየቤቱ አይጠፋም። ሐረርም ከዚህ የተለየች አይደለችም። በዚህ ላይ በማሽን የሚሰጠው ሕክምና ሲጨመር፣ ታማሚው ገንዘቡን የት ላይ ማዋል እንዳለበት ግራ ቢገባው አያስገርምም። ምክሩ ሁሉ እውነት የሚመስልበት ምክንያት ግን አለ። የወገብ ሕመም በባሕርዩ የሚነሣና የሚበርድ ነው። ሰው ሕክምና ፍለጋ የሚወጣው ሕመሙ በጸናበት ሰሞን በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ባይደረግለትም እንኳ ጥቂት የመቅለል ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ምስጋናው ግን በዚያው ሰሞን ለተሞከረው ነገር ይሆናል። ስለዚህ «ለእገሌ ሠርቶለታል» የሚለው ወሬ፣ የተናገረው ሰው ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ብቻውን መምረጫ ሊሆን አይችልም።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው ከ3 ወር በላይ የቆየን፣ ከታችኛው የጎድን አጥንት እስከ መቀመጫ ባለው የጀርባ ክፍል የሚሰማን ሕመም ነው። የሚያነጻጽረውም ያለ መድኃኒት የሚሰጡ ሕክምናዎችን ብቻ ነው፤ ይህ ማለት ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ይገባል ማለት አይደለም።

ከምርጫው በፊት መለየት ያለበት

ከ10 የወገብ ታማሚዎች የ9ኙ ያህል ሕመም አንድ ተለይቶ የሚታወቅ በሽታ ወይም ስብራት የሌለበት ነው። ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት አማራጮች የተመዘኑትም በአብዛኛው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። የቀሩት ጥቂቶች ግን በእንቅስቃሴም ሆነ በማሳጅ ጊዜ ማጥፋት የለባቸውም።

በእኛ አካባቢ በተለይ ሁለት በሽታዎች ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛው የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነው፤ ሳልና አክታ ሳይኖር በወገብ ሕመም ብቻ ሊጀምር ይችላል፣ ማታ ማታ ማላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስም አብረውት ሊታዩ ይችላሉ። ሁለተኛው ብሩሴሎሲስ ነው፤ ያልፈላ የግመል፣ የፍየል ወይም የላም ወተት ከሚጠጣ ሰው የራቀ አይደለም፣ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም ያስከትላል። ሁለቱም ምርመራና የራሳቸው መድኃኒት ያላቸው ናቸው። በቲቢ የተበላ አከርካሪ በወጌሻ እጅ ከተጠመዘዘ ደግሞ እስከ ሽባነት ሊያደርስ የሚችል ጉዳት ሊደርስ ይችላል።

ሽንት ማስወጣት ወይም መቆጣጠር ያቃተው፣ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ የደነዘዘው፣ ወይም እግሩ እየሰነፈ የመጣ ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት። ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ፣ ከወደቀ ወይም የመኪና አደጋ ከደረሰበት ወዲህ ያመመው፣ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰደ፣ እንዲሁም ዕድሜው ከ50 ካለፈ በኋላ ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረው ሰው አስቀድሞ በሐኪም ይታይ። ከ45 ዓመት በታች ሆኖ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ወገቡ የሚገትረው፣ ሲያርፍ የሚብስበትና ሲንቀሳቀስ የሚቀልለት ሰውም የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይኖርበታል።

ስለ ኤምአርአይ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ከምርመራው የሚወጣው «ዲስክ አለብህ» የሚል ፍርድ ይዞ ነውና። ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ያሰባሰበ ግምገማ እንዳሳየው፣ የዲስክ መድከም በ20 ዓመት ወጣቶች ላይ እንኳ በ37 ከመቶ፣ በ80 ዓመት አዛውንቶች ላይ ደግሞ በ96 ከመቶ ይገኛል። የዲስክ ማበጥም እንዲሁ ከ30 ከመቶ ጀምሮ ከዕድሜ ጋር እስከ 84 ከመቶ ይደርሳል። እነዚህ ሰዎች ወገባቸውን አያማቸውም። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሱት የአደጋ ምልክቶች የሌሉበት ሰው ለኤምአርአይ የሚያወጣውን ገንዘብ ለሕክምናው ቢያውለው ይሻለዋል የሚል አቋም አለኝ።

መመዘኛዎቹ

እያንዳንዱ አማራጭ በአምስት ጥያቄዎች ይመዘናል። ሕመምን ለመቀነስና ሥራ ለማሠራት ማስረጃ አለው ወይ? ጉዳት ሊያደርስ ይችላል ወይ? ጠቅላላ ወጪው፣ የባጃጅ መመላለሻውና ከሥራ የተቀረበት ቀን ተደምሮ፣ ምን ያህል ከባድ ነው? ድሬዳዋ ወይም ሐረር ውስጥ ማግኘት ይቻላል ወይ? በመጨረሻም፣ ሕክምናው የቆመ ዕለት በታማሚው እጅ ምን ይቀራል?

ከአምስቱ ከፍ ያለ ክብደት የሰጠሁት ለመጨረሻው ነው። የቆየ የወገብ ሕመም ከዓመት ዓመት የሚመላለስ በመሆኑ፣ በተነሣ ቁጥር ሌላ ሰው ዘንድ ሄዶ መክፈልን የሚጠይቅ ሕክምና፣ የአንድ ጊዜ ዋጋው ርካሽ ቢሆን እንኳ፣ ሲደመር ውድ ነው።

በባለሙያ የሚመራ የአካል እንቅስቃሴ

የተሻለ ማስረጃ ካላቸው አማራጮች ግንባር ቀደሙ ይህ ነው። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2021 249 ጥናቶችን መርምሮ፣ እንቅስቃሴ የሠሩ ታማሚዎች ሕመም ሕክምና ካላገኙት ወይም የተለመደውን ከቀጠሉት ጋር ሲነጻጸር፣ ከ0 እስከ 100 በሚቆጠር መለኪያ ላይ በአማካይ 15 ነጥብ ያህል ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ይህ ቁጥር በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ጭራሽ ማዳን ማለት አይደለም፤ ሌሊት ለመተኛትና ቀን ለመሥራት ግን ለብዙዎች በቂ ለውጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ የእንቅስቃሴ ሕክምናን ከሚመክራቸው ውስጥ አስገብቶታል።

የትኛው ዓይነት እንቅስቃሴ? ጡንቻ ማጠንከር፣ ማሳሳብ፣ ዮጋ፣ ፒላቴስ እየተባለ የሚደረገው ክርክር ለታማሚው ብዙም አይጠቅመውም፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትንሽ ነውና። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2017 በ320 ሰዎች ላይ በታተመ ጥናት፣ የ12 ሳምንት ዮጋ ከፊዚዮቴራፒ ያላነሰ ውጤት አሳይቷል። ትልቁ ልዩነት ያለው ሰውየው በቀጠለውና ባቋረጠው መካከል ነው።

ሊታይ የሚገባው የፊዚዮቴራፒው አሰጣጥ ነው። ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ ሥራዎ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ነው የሚውሉት? ምጣድ ላይ ጎንበስ ብለው እንጀራ ነው የሚጋግሩት? ጀሪካን ይሸከማሉ? ከዚያም አስነሥቶ፣ አጎንብሶ፣ አስቀምጦ ያያል። ከሦስት ወይም ከአራት የማይበልጡ እንቅስቃሴዎችን ያሠራል፣ በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ «እስቲ ያሳዩኝ» ብሎ ያርማል፣ ክብደቱንም ይጨምራል። አንዱ የተለመደ እንቅስቃሴ እንዲህ ነው፦ ምንጣፍ ላይ በጀርባ ተንጋሎ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ውስጥ እግርን መሬት ላይ አሳርፎ፣ መቀመጫን ቀስ ብሎ ማንሣት፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት ያለው አካል ቀጥ ሲል ትንፋሽ ሳይያዝ አምስት ሰከንድ ያህል መቆየት፤ ከዚያ እንደ አነሣሡ ቀስ ብሎ መመለስ። ባለሙያው የሚከታተለው መቀመጫው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ፊቱን አኮማትሮ፣ ጥርሱን ነክሶና ትንፋሹን ይዞ እንዳይሠራም ነው፤ የፈራ ወገብ ይገትራልና።

ከዚህ የተለየ አሰጣጥ ግን አለ። ታማሚው አልጋ ላይ ይተኛል፣ ማሽን ይገጠምለታል፣ 20 ደቂቃ ብቻውን ይቆያል፣ «ለ10 ቀን ተመላለስ» ይባላል። የበሩ ምልክት ሁለቱም ዘንድ «ፊዚዮቴራፒ» ይላል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት «ቤት ሄጄ የምሠራው ምን ያስተምሩኛል?» ብሎ መጠየቅ ሁለቱን ይለያል።

ውጤት ለመጠበቅ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ለ8 እስከ 12 ሳምንት መሥራት ተገቢ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡንቻ ቢዝል ወይም ሕመሙ ጥቂት ቢነሣ ጉዳት ደረሰ ማለት አይደለም፤ ብሶ ከዋለና ካደረ ግን ብዛቱን መቀነስ እንጂ ማቆም አይገባም። ሸክም የሚሠራ ሰው ሸክሙ ራሱ የእንቅስቃሴው ክፍል ሊሆንለት ይችላል፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ በባለ 5 ሊትሩ ተጀምሮ በየሳምንቱ እየጨመሩ መሄድ ይቻላል። ሰላት ወይም ስግደት ወገቤን ይጎዳዋል ብለው የሚሰጉም አሉ፤ ጎንበስ ቀና ማለቱ ለአብዛኛው ሰው ለስላሳ እንቅስቃሴ በመሆኑ የሚያሠጋ አይደለም፣ በጸናበት ሰሞን ብቻ ወንበር መጠቀም ይበቃል።

የእግር ጉዞ

ርካሹ አማራጭ ይህ ነው፤ ርካሽ በመሆኑም ይናቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ደረጃ በደረጃ እየጨመረ በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ እስከ መራመድ የሚደርስ ፕሮግራምና ትምህርት ያገኙት፣ ሕመሙ ተመልሶ ሥራ እስኪያስፈታቸው ድረስ በመካከለኛ አኀዝ 208 ቀን ሲቆዩ፣ ምንም ያላገኙት 112 ቀን ቆይተዋል። ጥናቱ መከላከልን እንጂ በጸና ሕመም ላይ ያለን ሰው እንዳልለካ ልብ ይሏል። ያም ሆኖ መራመድ ለቆየ ሕመምም እንደ አንድ የእንቅስቃሴ ዓይነት ይመከራል።

ድሬዳዋ ላይ ፈተናው ሙቀቱ ነው። ከረፋድ በኋላ 30 ደቂቃ መራመድ ለጤነኛውም ይከብዳል፤ ስለዚህ ጊዜው ጎህ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ከዚራ ሜዳ በመሆኑና ዛፍ ስላለው ለጀማሪ ይመቻል፤ የደቻቱ አሸዋ ግን እግርን ስለሚይዝ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይመረጥም። ሐረር አየሩ ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ በማንኛውም ሰዓት መራመድ ይቻላል፤ ጀጎል ውስጥ ያለው ዳገትና ቁልቁለት፣ የድንጋዩ ወጣ ገባነትም ተጨምሮ፣ ጥሩ ጫማ ይፈልጋል። ቁልቁለት የሚያመው ሰው ከግንቡ ውጪ ያለውን አስፋልት ቢመርጥ ይሻለዋል። 10 ደቂቃ ብቻ የሚችል በ10 ይጀምር፣ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨምር።

ትምህርትና የሥነ ልቦና ሕክምና

«ሕመሙ በጭንቅላትህ ነው» መባል ማንንም ያስቆጣል፤ ይህ ሕክምና ግን እንደዚያ አይልም። ሕመም ሲቆይ የነርቭ ሥርዓቱ ራሱ ንቁ እየሆነ፣ ትንሹን ስሜት ሁሉ እንደ አደጋ ማንበብ ይጀምራል። ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣትና የገንዘብ ጭንቀት ደግሞ ይህን ንቃት ይጨምሩታል። ሕክምናው የሚሠራው በዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው ከፈራቸው እንቅስቃሴዎች ጋር ቀስ በቀስ ይታረቃል፣ ሕመም ማለት ሁልጊዜ ጉዳት ማለት እንዳልሆነ ይማራል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በ342 ሰዎች ላይ በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ26 ሳምንት በኋላ ዕለታዊ ኑሯቸው በግልጽ የተሻሻለላቸው፣ በማሰላሰል ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ከወሰዱት 61 ከመቶ ያህል፣ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ከወሰዱት 58 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በተለመደው እንክብካቤ ከቀሩት 44 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። እንቅስቃሴንና ይህን ሐሳብ አንድ ላይ ያጣመረ፣ በፊዚዮቴራፒስቶች የሚሰጥ ሕክምናም እ.ኤ.አ. በ2023 በ492 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ ጥቅሙ እስከ አንድ ዓመት ዘልቋል።

አስቸጋሪው ነገር ባለሙያ ማግኘት ነው። ይሁን እንጂ የትምህርቱ ክፍል ልዩ ክሊኒክ አይፈልግም፤ ጊዜ ሰጥቶ የሚያስረዳ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፊዚዮቴራፒስት ሊሰጠው ይችላል። ሕመሙ ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከሐዘን ወይም ከከባድ ጭንቀት ጋር የተቆራኘበት ሰው ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲላክ ቢጠይቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በእጅ የሚሰጥ ሕክምና፦ ማሳጅና ወጌሻ

የሠለጠነ ሰው የሚሰጠው ማሳጅም ሆነ አከርካሪን በእጅ ማንቀሳቀስ ጥቅም አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ሁለቱን ከሚቻሉት አማራጮች ይቆጥራቸዋል። አከርካሪን በእጅ ስለማንቀሳቀስ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ 47 ጥናቶችን የያዘ ግምገማ ከሌሎቹ የሚመከሩ ሕክምናዎች ጋር ተቀራራቢ ውጤት አግኝቷል፤ ተቀራራቢ እንጂ የሚበልጥ አይደለም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ደግሞ የእጅ ሕክምና ከእንቅስቃሴ ጋር ተዳምሮ ካልሆነ ብቻውን እንዳይሰጥ ይመክራል። እኔም ከዚህኛው ጋር እስማማለሁ፤ ማሳጁ ወገቡን ካላቀቀለት በኋላ በዚያው ዕለት የሚራመድና እንቅስቃሴውን የሚሠራ ሰው ያተርፋል፣ ከማሳጅ ወደ ፍራሽ የሚመለስ ሰው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ያው ነው።

የወጌሻ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለስላሳ እጅ ያለው፣ በቅባት እያሸ ጡንቻ የሚያላላ ወጌሻ ከማሳጅ የተለየ ነገር አያደርግም፤ ሰውም እፎይ ይላል። አደጋው የሚመጣው በኃይል መጠምዘዝ፣ ጀርባ ላይ መቆም ወይም «አጥንቱ ወልቋል፣ ልመልሰው» ማለት ሲጀመር ነው። በቆየ የወገብ ሕመም ውስጥ ወጌሻ የሚመልሰው የወለቀ አጥንት የለም። ዕድሜያቸው የገፋ፣ አጥንታቸው የሳሳ፣ ትኩሳት ያለባቸው ወይም እግራቸው የሰነፈ ሰዎች በኃይል የሚሠራ እጅ ጨርሶ ሊነካቸው አይገባም።

ሒጃማ፣ ዋግምት፣ መተኮስና መርፌ

ዋግምት በቀንድም ይሁን ሒጃማ በብርጭቆ፣ ቆዳን በመምጠጥና አንዳንዴም በመብጣት የሚሠራ ነው። ለጥቂት ቀናት ሕመም እንደሚያቀል የሚናገሩ ትንንሽ ጥናቶች አሉ፤ ጥራታቸው ግን ዝቅተኛ ነው። ለሃይማኖታዊ ሱናነቱ የሚያደርገውን ሰው ይህ መመሪያ አይከራከረውም፤ ለወገብ ሕክምናነት ለመረጠው ግን ቁልፉ ጥያቄ ምላጩ ነው። ምላጩ ከታሸገበት ወረቀት የሚወጣው በታማሚው ዓይን ፊት መሆን አለበት፣ ብርጭቆውም ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግል መሆን አለበት፣ የሚሠራው ሰው ጓንት ማድረግ አለበት። ይህ ካልተሟላ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ ሊተላለፉ ይችላሉ። ስኳር ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ደም ማነስ ያለበት ሰው ይቅርበት።

በጋለ ብረት መተኮስ ጠባሳና ቁስል ከመተው በቀር ለወገብ ሕመም የተረጋገጠ ጥቅም የለውም፤ በየትኛውም በጀት ለማንም አልመክረውም።

አኩፓንክቸር፣ ማለትም ቀጫጭን መርፌዎችን ቆዳ ላይ በመውጋት የሚሰጠው ሕክምና፣ አከራካሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር እንደ አማራጭ ሲቀበሉት፣ የእንግሊዙ መመሪያ አይመክረውም። በአካባቢያችን የሚሰጥ ሰው ሲገኝ ሥልጠናውንና የመርፌውን አዲስነት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሙቀትና ፍል ውሃ

በሞቀ ውሃ የተሞላ ላስቲክ ወይም በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለ15 እስከ 20 ደቂቃ ወገብ ላይ ማድረግ የገተረ ጡንቻን ያላላል፤ ከእንቅስቃሴ በፊት ማድረጉ ጥሩ ነው። ጥቅሙ የሰዓታት ነው። በስኳር ሕመም ምክንያት ስሜቱ የደነዘዘ ሰው ሳያውቀው ሊቃጠል ስለሚችል ሙቀቱን ሌላ ሰው ይለካለት። ኤረርም ቢኬድ ጥቅሙ የዚያው ዓይነት ነው፤ መዝናናቱና ከሥራ ማረፉም ይጠቅማል፣ ነገር ግን ረጅሙ የመኪና መንገድ መልስ ላይ የተገኘውን እፎይታ ሊወስደው ይችላል።

ቀበቶ፣ ማሽንና ጉተታ

እዚህ ላይ ማስረጃው አጭርና ግልጽ ነው። የወገብ ቀበቶ፣ የአልትራሳውንድ ማሽን፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ፣ እንዲሁም ወገብን በክብደት መጎተት፣ አራቱንም የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም በመደበኛነት እንዳይሰጡ ይመክራል። ቀበቶ አስቀድሞ የገዛ ሰው መጣል አይጠበቅበትም፤ ከባድ ዕቃ በሚያነሣበት ሰዓት ድፍረት ከሰጠው ለዚያች ሰዓት ይጠቀምበት፣ ቀኑን ሙሉ ግን አይታጠቀው።

ፍራሽን በተመለከተ «ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተኛ» የሚለው የቆየ ምክር አልተደገፈም። እ.ኤ.አ. በ2003 በ313 ሰዎች ላይ የታተመ ጥናት መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከጠንካራው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ማስረጃ | ጉዳት | ወጪ | እዚህ ማግኘት | ሲቆም የሚቀረው |
|---|---|---|---|---|---|
| የተመራ እንቅስቃሴ | ጥሩ | አነስተኛ | መካከለኛ፣ እየቀነሰ የሚሄድ | ይቻላል | የሚሠራበት ዕውቀት |
| የእግር ጉዞ | ጥሩ፣ በተለይ ለመከላከል | በጣም አነስተኛ | ጫማ ብቻ | በየሰፈሩ | ልማድ |
| ትምህርትና ሥነ ልቦና | ጥሩ | በጣም አነስተኛ | ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ | ትምህርቱ ቀላል፣ ሕክምናው አስቸጋሪ | የሚሠራበት ዕውቀት |
| ማሳጅ | መካከለኛ፣ ለአጭር ጊዜ | አነስተኛ | የሚደጋገም | ይቻላል | ጥቂት |
| ወጌሻ | ያልተጠና | በኃይል ከተሠራ ከባድ | የሚደጋገም | ቀላል | ጥቂት |
| ሒጃማና ዋግምት | ደካማ | በምላጩ ንጽሕና ይወሰናል | የሚደጋገም | ቀላል | የለም |
| አኩፓንክቸር | አከራካሪ | አነስተኛ | ከፍተኛ | አስቸጋሪ | የለም |
| ሙቀት | ለሰዓታት | አነስተኛ | ዝቅተኛ | በቤት | የለም |
| ቀበቶ፣ ማሽን፣ ጉተታ | አይመከርም | አነስተኛ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ቀላል | የለም |

ለማን የትኛው?

ገንዘብ ለሌለው ሰው ምርጫው አያስቸግርም፤ የእግር ጉዞ፣ ከላይ የተገለጸውን ዓይነት የምንጣፍ እንቅስቃሴና የሞቀ ፎጣ ይበቁታል። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆነ በጤና ጣቢያው በኩል የፊዚዮቴራፒ ሪፈር ይሸፈንለት እንደሆነ ይጠይቅ። በመንግሥት ሆስፒታል በኩል መሄድ የሚፈልግ፣ ድሬዳዋ ላይ ዲል ጮራንና ሳቢያንን፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋናንና ጀጎል ሆስፒታልን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ለ10 ቀን የማሽን ቀጠሮ ከሚከፍል፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ልዩነት ለሚሰጡ ሦስት ወይም አራት የማስተማሪያ ቀጠሮዎች ቢከፍል ይሻለዋል። መካከል ላይ ያለውን ራሱ ቤቱ ይሠራል። ከዚህ የተረፈ ገንዘብ ያለው ማሳጅን ይጨምር፤ በማሳጅ ግን አይጀምር።

የቀን ሠራተኛና ተሸካሚ «ሥራ አቁም» የሚለው ምክር አያዋጣውም፤ እንጀራው ነውና። ለእሱ የሚሆነው ሸክሙን ለሁለት ከፍሎ መመላለስ፣ በሳምንት 2 ጊዜ ጡንቻ ማጠንከርና ያመመው ዕለት ቀለል ያለውን ሥራ መውሰድ ነው። አልጋ ላይ መዋል ለማንም አይመከርም።

ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው፣ የባጃጅ አሽከርካሪም ይሁን የቢሮ ሠራተኛ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ ሁለት ደቂቃ ይቁም። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ በአንድ ክንድ ተደግፎ ለረጅም ሰዓት የሚቀመጥ ሰውም ቢያንስ ጎኑን እየቀያየረና እየተነሣ ይቀመጥ፤ ጫት እንቅልፍ ስለሚያሳጣና ያልተኛ ሰው ሕመሙ ስለሚብስበት፣ ሌሊቱን የሚነቃ ከሆነ የሚቅምበትን ሰዓት ማሳጠር ከየትኛውም ፍራሽ ይበልጥ ሊጠቅመው ይችላል።

ሕመሙ ከወገብ አልፎ ወደ እግር የሚወርድበት ሰው እግሩ እስካልሰነፈ ድረስ በእንቅስቃሴ መጀመር ይችላል፤ ነገር ግን በባለሙያ ይመራ፣ ወጌሻ አይንካው። ዕድሜያቸው የገፉ ሰዎች በእግር ጉዞ ይጀምሩ፣ ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ይጨመርላቸው፤ መውደቅ ለእነሱ ከወገብ ሕመሙ የባሰ ነው።

የተመረጠው ምንም ይሁን፣ ከመጀመር በፊት አሁን የማይቻለውን አንድ ሥራ በወረቀት መጻፍ ይጠቅማል፤ «ከቀፊራ ዘንቢል ይዤ ቤት መድረስ»፣ «ሳልቀመጥ ሙሉ ቅዳሴ መቆም»፣ «አራት ሰዓት ባጃጅ ላይ መቀመጥ» ሊሆን ይችላል። ከ12 ሳምንት በኋላ ከሕመሙ ይልቅ ያ ሥራ ይመዘን። ተሻሽሎ ከሆነ ሕክምናው ይቀጥል፣ ካልተሻሻለ ደግሞ ሌላ የእንቅስቃሴ ዓይነት ወይም የሥነ ልቦናው ክፍል ይጨመር። በመካከሉ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም የእግር መስነፍ ከታየ ግን 12 ሳምንቱ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ይኬድ።